ዝንብ ቆጥሮ ካርታ መሥራት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አብዛኞቻችሁ ከዘር ውርስ ትምህርት «የተቀላቀሉትን በጠቅላላው አካፍል፣ በመቶ አባዛ» የምትለዋን ቀመር ታውቋታላችሁ፤ የተቀላቀሉት የሚባሉት የሁለቱን ወገን ባሕርይ አጣምረው የተወለዱት ልጆች ናቸው። እኔም እንደዚያው ነው የተማርኳት። ፈተና ላይ ሠራኋት፣ ከዚያ ረሳኋት። ያ ቁጥር ክሮሞሶም በሚባለው ጂን ተሸካሚ ክር ላይ በሁለት ጂኖች መካከል ያለ ርቀት መሆኑን ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም። ዛሬ የመጣሁት እሷን ላስረዳችሁ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1911፣ ቦታው ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ። የዘር ውርስ ተመራማሪው የቶማስ ሀንት ሞርጋን ጠባብ ክፍል በወተት ጠርሙሶች ተሞልታለች፤ ጠርሙሶቹ ውስጥ የፍራፍሬ ዝንቦች ይራባሉ። እዚያ ከሚሠሩት አንዱ አልፍሬድ ስተርተቫንት ነው። ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን ያልጨረሰ ልጅ!

አንዲት ሴት ዝንብ አስቡ። ከአንዱ ወላጇ የነጭ ዓይንና የትንሽ ክንፍ ጂን ወርሳለች፣ ከሌላው ደግሞ የቀይ ዓይንና የረጅም ክንፍ። ሁለቱም ጂኖች ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ናቸው። ወንድ ልጆቿ ኤክስ የሚያገኙት ከእሷ ብቻ ስለሆነ፣ ምን እንደሰጠቻቸው ገላቸው ላይ በቀጥታ ይነበባል። ጂኖቹ ጨርሶ የማይላቀቁ ቢሆኑ ነጭ ዓይን ከረጅም ክንፍ ጋር ያለው ልጅ ባልተወለደ ነበር። ምንም የማይገናኙ ቢሆኑ ደግሞ ግማሾቹ ቅልቅል ይሆኑ ነበር። ሲቆጠር የተገኘው ግን ከ6116 ውስጥ 2062 ነው፤ 33.7 በመቶ። ቢጫ ገላና ነጭ ዓይን ላይ ሲመጣ ደግሞ ከ21736 ውስጥ 214 ብቻ! አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ለምን ይህን ያህል ይለያያል? ሞርጋን መልሱን ክሮሲንግ ኦቨር ላይ ነው ያገኘው። እንቁላል ሲሠራ ጥንዶቹ ክሮሞሶሞች ጎን ለጎን ተጣብቀው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ሁለት ጂኖች ከተራራቁ መሃላቸው ላይ የመቆረጥ ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ከተጠጋጉ ግን አብረው ይጓዛሉ። ስተርተቫንት ከሞርጋን ጋር ይህንኑ ሲያወራ ነው ነገሩ ብልጭ ያለለት፤ እንግዲያው የመለያየታቸው መጠን ራሱ ርቀት ነዋ! ቤቱ ሄደ፣ የቤት ሥራውን ወዲያ ብሎ አብዛኛውን ሌሊት ሲያሰላ አደረ፣ የመጀመሪያውን የክሮሞሶም ካርታ ይዞ ወጣ። ሥራው በ1913 ታተመ።

እስቲ አብረን እንሥራው። ከነጭ ዓይን እስከ ደማቅ ቀይ ዓይን 29.7፤ ከደማቅ ቀይ ዓይን እስከ ትንሽ ክንፍ 3.0፤ ከነጭ ዓይን እስከ ትንሽ ክንፍ 33.7። ትልቁ ቁጥር ዳርና ዳር ያሉትን ይነግረናል፣ ስለዚህ ደማቅ ቀይ መሃል ነው። ድምሩ በአንድ ነጥብ ጎደለ ትሉኝ ይሆናል። ቁጥሮቹ የመጡት ከተለያየ ድቅል ስለሆነ ይህን ያህል መዛነፍ አያስገርምም።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። ካርታው ላይ ቁርጥራጩን ርቀት ስትደምሩት ከቢጫ ገላ እስከ ካርታው ሌላኛ ዳር፣ ከትንሽ ክንፍ ወዲያ እስካለው ሌላ የክንፍ ጂን፣ 57.6 ይሆናል። ሁለቱን ብቻ አዳቅላችሁ በቀጥታ ስትቆጥሩ ግን 37.6 ነው የምታገኙት። ሃያ ነጥብ የት ገባ? ክሮሞሶሙ ሁለት ቦታ ላይ ከተለዋወጠ ዳርና ዳር ያሉት ጂኖች ተመልሰው አብረው ይገኛሉ፤ የተለወጠው መሃሉ ብቻ ነው። እናንተ ዳሩን ብቻ ስለምታዩ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቆጥሩታላችሁ። በቀጥታ የሚቆጠረው ከ50 በመቶ የማያልፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ረጅሙን ርቀት በአንድ ጊዜ አትለኩ፣ በአጭር በአጭሩ ለክታችሁ ደምሩ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ጂን በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም። በ1930ዎቹ የዝንብ እጭ ምራቅ ዕጢ ውስጥ ያሉት ግዙፍ ክሮሞሶሞች በማይክሮስኮፕ ሲመረመሩ የጂኖቹ ቅደም ተከተል ከካርታው ጋር ገጠመ። ርቀቱ ግን በየቦታው እኩል አልሆነም፣ ምክንያቱም ክሮሲንግ ኦቨር በሁሉም ቦታ እኩል አይከሰትም።

እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት የሦስት ጂን ድቅል ውጤት ነው፤ ስምንት ዓይነት ልጆች ተቆጥረዋል። ማካፈል አትጀምሩ። መጀመሪያ በጣም ብዙ የሆኑትን ሁለት ዓይነቶች ፈልጉ፣ እነሱ እንደ ወላጆቻቸው የቀሩት ናቸው። ከዚያ በጣም ጥቂት የሆኑትን ሁለቱን አጠገባቸው አስቀምጡና የትኛዋ ጂን ብቻዋን ቦታ እንደቀየረች እዩ። መሃለኛዋ እሷ ናት። ሃያ ደቂቃ አላችሁ፣ እኔ በየጠረጴዛው እየዞርኩ አያለሁ።