የጠፋችው ረቡዕ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንደምን ሰነበታችሁ?

ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ብዙዎቻችሁ "ያ የመርከብ ሥራሽ እንዴት ነበር?" ስትሉኝ ቆይታችኋል። እኔም "ደስ ይል ነበር" እያልኩ አልፌዋለሁ። ሳላወራው የቆየሁት ከየት እንደምጀምር ስላላወቅኩ ነው። ዛሬ ከእናቴ ልጀምር።

ሥራውን ያገኘሁ ዕለት ቨርጂኒያ እናቴ ቤት ሄጄ ነገርኳት። ሴሚስተር አት ሲ የሚባል ፕሮግራም እንዳለ፣ ተማሪዎች አንድ ሙሉ ሴሚስተር መርከብ ላይ እየተማሩ ዓለምን እንደሚዞሩ፣ እኔም አብሬያቸው እንደምሄድ አስረዳኋት። ቡናዋን እየቀዳች ዝም ብላ ሰማችኝና "አንቺ ምን ልታደርጊላቸው ነው?" አለችኝ።

"ልጠብቃቸው" አልኳት። የሥራው መጠሪያ ረጅም ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን ያው እሱ ነው። አንድ ፎቅ ተማሪ ይሰጥሻል። ሲታመሙ ሐኪም ጋ ትወስጃለሽ። ሲጣሉ ታስታርቂያለሽ። እኩለ ሌሊት በርሽ ሲንኳኳ ትከፍቻለሽ። የ20 ዓመት ልጅ በሕይወቱ የመጀመሪያ ጊዜ ከቤቱ ርቆ፣ ዙሪያው ውሃ ብቻ ሆኖ ሲያለቅስ አጠገቡ ትቀመጫለሽ።

መርከቧ ወርልድ ኦዲሲ ትባላለች። ኪል፣ ጀርመን ውስጥ የተሠራች ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ባሕር ላይ አለች። 175 ሜትር ትረዝማለች። ጠዋት ቁርስ፣ ከዚያ ክፍል፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ እንደገና ክፍል። ባሕር ላይ ቅዳሜና እሑድ የሚባል ነገር የለም። ቀኖቹ "ኤ" እና "ቢ" ይባላሉ፤ ዛሬ "ኤ" ከሆነ ነገ "ቢ" ነው። ወደብ ላይ ስንሆን ትምህርት አይኖርም።

ከሜክሲኮ ተነሥተን በሆኖሉሉ አድርገን ወደ ጃፓን ስንሄድ ነው የቀኑ ነገር የመጣው።

ወደ ምዕራብ የሚሄድ መርከብ በየጥቂት ማታው ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል። ተማሪዎቹ በጣም ይወዱታል፤ አንድ ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይዤ ነው ያደግኩት። እናቴ አሜሪካ ይህን ያህል ዓመት ኖራ አሁንም "ከምሽቱ 2 ሰዓት" ስትል የአሜሪካው 8 ሰዓት ማለቷ ነው። ስለዚህ የሰዓት መቀያየር ለኔ አዲስ አልነበረም። ቀን መጥፋት ግን አዲስ ነበር። ሰላማዊ ውቅያኖስ መሀል ላይ የቀን መለወጫው መስመር አለ። ማክሰኞ ማታ ተኛን። ስንነቃ ሐሙስ ነው። በየማታው አንድ አንድ ሰዓት ሲሰጡን ቆይተው ሙሉ 24 ሰዓት በአንዴ ወሰዱብን።

ከ500 ዓመት በፊት የመርከበኛው የማጄላን ሰዎችም በዚሁ ነገር ደንግጠዋል። ከሞት ተርፈው ዓለምን ዞረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1522 ኬፕ ቨርዴ ሲደርሱ፣ በነሱ መዝገብ ዕለቱ ረቡዕ ነበር። የወደቡ ሰዎች ግን "ሐሙስ ነው" አሏቸው። ፒጋፌታ የሚባለው ጸሐፊያቸው በየቀኑ ሳያቋርጥ ሲጽፍ የቆየ ሰው ነው። የት እንደተሳሳተ ለማወቅ ቢለፋም ስሕተት አላገኘም። የቀን መለወጫ መስመር የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም ነበር።

የኔን ረቡዕ መጥፋት ለእናቴ በመልእክት ነገርኳት። እሷን ስለ ማጄላን ምን አስጨነቃት። የመለሰችልኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ "ታዲያ ጾሙስ?"

እውነቷን ነው። ረቡዕ የጾም ቀን ነው። ቀኑ ከሌለ ጾሙ ምን ይሆናል? መልስ አልነበረኝም። "እግዚአብሔር ያውቃል እማዬ" ብዬ ጻፍኩላት።

አሁን ስለ በሩ ልንገራችሁ። መርከቡን ከወደቡ የሚያገናኝ መሸጋገሪያ አለ፤ ባሕረኞቹ ጋንግዌይ ይሉታል። እዚያ በር ላይ ማሽን አለ። ሁሉም ሲወጣና ሲገባ ካርዱን ያስነካል፤ "ቲን" ይላል። ማሽኑ ስንት ሰው ውጪ እንዳለ ሁልጊዜ ያውቃል። ወደብ ስንደርስ ተማሪዎቹ ሻንጣ አንጠልጥለው በሩጫ ይወጣሉ፤ "ቲን፣ ቲን፣ ቲን"። ከሠራተኛው ግን ሁልጊዜ ተረኛ ሆኖ የሚቀር አለ።

መጀመሪያ ላይ ተራዬ ሲሆን ይከፋኝ ነበር፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ጃፓን ድረስ መጥቼ ኮቤን በመስኮት ማየት! ሻንጋይ ላይ ደግሞ አብዛኞቹ ተማሪዎች በየብስ ሊጓዙ ወረዱ። እኛ ተረኞቹ ባዶ በሚባል መርከብ ወደ ሆንግ ኮንግ ቀጠልን። ያን ያህል ሰው የሚተራመስበት መመገቢያ ውስጥ የማንኪያ ድምፅ ያስተጋባል። የመርከቡ ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ፊሊፒናውያን፣ ያን ዕለት ነው ቁጭ ብለው ያጫወቱኝ። አንዱ የአራት ዓመት ልጁን ፎቶ አሳየኝ። ልጁ ከተወለደ ወዲህ አብሮት ያሳለፈውን ወር በጣቱ ቆጠረልኝ። እኛ 100 ቀን ቆይተን "ዓለምን ዞርን" ብለን እንወርዳለን። እሱ ከኛ በኋላ ለሚመጡትም አልጋ ያነጥፋል። ይህን ሰው አልረሳውም።

ሆንግ ኮንግ ስንገባ ከነሱ ጋር መርከቡ ጫፍ ላይ ቆሜ ነበር። ሲ ዋይ ታንግ የሚባል የዚያ አገር የመርከብ ባለሀብት ነበር። በዘመኗ ከመንገደኛ መርከቦች ሁሉ ትልቋ የነበረችውን ክዊን ኤልዛቤትን እ.ኤ.አ. በ1970 ገዛት። ምኞቱ ተንሳፋፊ ዩኒቨርሲቲ ሊያደርጋት ነበር። እድሳቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጥር 1972፣ እዚያው ሆንግ ኮንግ ወደብ ላይ በእሳት ጋየች። ሰውዬው ግን ሐሳቡን አልተወም። በሌላ፣ ባነሰች መርከብ ቀጠለ። ዛሬ ያለው ፕሮግራም እዚህ የደረሰው እንደሱ ባሉ ሰዎች ነው። ያን ወደብ በባዶ መርከብ ሲገቡበት ልብን አንድ ነገር ያደርጋል።

ስለ በሩ አሳቤን የቀየረችው ግን አንዲት ልጅ ናት። ሆቺሚን ሲቲ፣ ቬትናም ነበርን። መርከቡ በሳይጎን ወንዝ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው የሚቆመው። በምንሄድበት ቀን ሁሉም እስከ 12 ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር፣ መግባት አለበት። አረፈደች ማለት ቅጣት አለ፤ በሚቀጥለው ወደብ ጓደኞቿ ሲወጡ እሷ ለሰዓታት መርከብ ላይ ትቀራለች። 12 ሰዓት ሆነ። ማሽኑ "አንድ ሰው ውጪ" ይላል። ከኔ ፎቅ ናት። ስልኳ አይሠራም። 12 ከ5 ሆነ። 12 ከ10 ሆነ። መንገዱ ላይ የሞተር ብስክሌት ጎርፍ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ እሷን እፈልጋለሁ።

12 ከ20 ላይ ከአንዱ ሞተር ዘልላ ወረደች። እየሮጠች ካርዷን አስነካች። "ቲን"።

ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ቃል ግን የኔ አልነበረም። "በልተሻል?" አልኳት። በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት፤ ግን የእናቴ ቃል ነው። ሃይስኩል እያለሁ አምሽቼ ስገባ እናቴ መብራት አጥፍታ ሳሎን ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር። አትቆጣም። "በልተሻል?" ትለኛለች። ያኔ ንዝንዝ ይመስለኝ ነበር። ያን ማታ ሳይጎን ወንዝ ላይ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያዘኝ የመመለሻው ማታ ሁሉ በሩ ላይ እቆም ነበር።

ኮቺን፣ ሕንድ ስንደርስ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ያቺን ከተማ የማየት ጉጉቴ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። እናቴ ደሴ ስትማር ሒሳብ ያስተማሯት ኮቺን ያለችበት የኬረላ ግዛት ሰዎች ናቸው። ያኔ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት የሕንድ አስተማሪ ያልነበረበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹም ከኬረላ የመጡ ነበሩ። አንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በር ላይ ጫማ ያወልቃሉ። እንደኛው! ለነገሩ ዘመድ ነን። እ.ኤ.አ. በ1965 አፄ ኃይለ ሥላሴ ጠርተዋቸው የአኀት አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ሲሰበሰቡ ሕንዶቹም ነበሩበት።

ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሽማግሌ ቀረቡኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ጎንደር አስተምረው ነበር። አማርኛቸው ጠፍቷል፤ የቀሩላቸው የክፍል ቃላት ብቻ ናቸው። እጃቸውን አንሥተው "ተነሡ! ተቀመጡ! ዝም በሉ!" አሉ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ልጆቹ እንዴት ናቸው?" አሉኝ። ከ50 ዓመት በፊት ያስተማሯቸውን ልጆች ማለታቸው ነው። እኔ ምን ልበላቸው? "ደህና ናቸው አባቴ" አልኳቸው። ድምፃቸውን ቀድቼ ለእናቴ ላክሁላት። እሷም ጠዋት ስትነሣ ሰምታ፣ የሰባትን ማባዣ በሕንድ እንግሊዝኛ አንድም ሳትስት ቀድታ ላከችልኝ።

የምድር ወገብን ስናልፍ ተማሪዎቹ በባሕረኞች ወግ ፀጉራቸውን ተላጩ፤ ሴቶቹም ጭምር። ፎቶውን ያየችው እናቴ "ማን ሞተባቸው?" ብላ ደወለች። ሞሪሸስን፣ ኬፕታውንን፣ ጋናን፣ ካዛብላንካን ሌላ ቀን አወራችኋለሁ።

መጨረሻው ሃምቡርግ ነበር። ብርድ ነው። ወላጆች ወደቡ ላይ ወረቀት ይዘው ቆመዋል። እኔ በሩ ላይ ነኝ። "ቲን፣ ቲን፣ ቲን።" ከዚህ ድምፅ በኋላ ሁልጊዜ ይመለሱ ነበር፤ ያን ዕለት መውጣት ብቻ ነው። የሆቺሚኗ ልጅ አቅፋኝ "በልቻለሁ" አለችኝና ሄደች።

ቨርጂኒያ የገባሁት በሌሊት ነው። ሳሎኑ ጨለማ ነው። እናቴ ቁጭ ብላለች። በሩን ሳልዘጋ "በልተሻል?" አለችኝ። እኔ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ማልቀስ ጀመርኩ። ጀርባዬን እያሻሸች ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ጆሮዬ ሥር፤

"ያቺ የጠፋችብሽ ረቡዕ አታሳስብሽ። በማግስቱ ሐሙስን ጨምሬ ላንቺ ጾሜልሻለሁ" አለችኝ።