ፉርጎውን ከመቀባታችሁ በፊት ገልብጡት

እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከአጋሮ በሌሊት የተነሳችሁ፣ ከሊሙ በዝናብ የመጣችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶች፣ ቤታችሁ ነው፣ ተመቻችታችሁ ተቀመጡ። የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ከቡና በኋላ ታነብላችኋለች። እኔ ስለምንሰበስበው የባቡር ሞዴል፣ ስለ ፉርጎ ነው የማወራው።

ሰው ሁሌ ይጠይቀናል። ጅማ ባቡር ገብቶ አያውቅ፣ እናንተ ምን አይታችሁ ነው የመንገደኛ ፉርጎ ሞዴል የምትሰበስቡት ይሉናል። መልስ አለኝ። በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ውሉ ሦስት ክፍል ነበረው፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ ተነስቶ በከፋ አድርጎ ነጭ ዓባይ። በከፋ በኩል! ሀዲዱ ድሬዳዋ በ1895 ደረሰ፣ አዲስ አበባ በ1909 ገባ፣ በ784 ኪሎ ሜትር ቆመ። የእኛ ክፍል ወረቀት ላይ ቀረ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል፣ እውነቴን ነው። ባቡሩ ወደዚህ ሊመጣ ታስቦ ነበር፣ እኛም በትንሹ እየጠበቅነው ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ዘንድሮ አዲስ አባላት በዝታችኋል፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ፉርጎ እጃችሁ ሲገባ ከማጠባችሁ፣ ከመፈተጋችሁና ከመቀባታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ሆዱን እዩት።

ይህን የምለው ስለተጎዳሁ ነው። ከዓመታት በፊት ኸርማታ ሰፈር አንዲት እማማ ቤት ትልቅ የቆርቆሮ ፉርጎ አገኘሁ። ጣሪያው በማጠፊያ ይከፈታል፣ እሳቸው ክርና መርፌ ያስቀምጡበት ነበር። ቀለሙ ተላልጧል፣ ጥጉ ዝጓል። ደስ ብሎኝ ገዛሁት፣ ከዚያም ላሳምረው ብዬ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ የመኪና ቀለም አስቀባሁት። ከወራት በኋላ አንድ ነባር አባላችን ገለበጠና ዝም ብሎ ቆየ። ከታች የፋብሪካው ማህተም የነበረበት ቦታ ላይ አንድ ግማሽ ፊደል ብቻ ቀርታለች። ያ ፉርጎ የማን ሥራ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ ከእንግዲህም አላውቅም። የተላላጠው ቀለም ራሱ ማስረጃ ነበር፣ በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ሆዱ ላይ ምን ይገኛል? ብዙ ነገር። «ሜድ ኢን ጀርመኒ» የሚለው ጽሑፍ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1887 ባወጡት ሕግ የመጣ ነው፤ «ዩ ኤስ ዞን» የሚል ካለበት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሸናፊዎቹ አገሮች ጀርመንን በየክልሉ ይዘው በነበሩባቸው ጥቂት ዓመታት የተሠራ ነው፣ «ዌስት ጀርመኒ» ካለ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1990 ውህደት በፊት። አባቶቻችን ሬዲዮ ሲገዙ ያነቧት የነበረችው ጽሑፍ ለእኛ የልደት ካርድ ናት ማለት ነው። ብሎኖቹንም እዩ። ሻጩ «እ.ኤ.አ. የ1929 ነው» እያለ በመስቀል ካቻቪት የሚፈታ ብሎን ካለው፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተነካክቷል። ባለመስቀሉ ብሎን ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። የድሮዎቹ የቆርቆሮ ፉርጎዎች አብዛኛው አካላቸው የተያያዘው ቆርቆሮውን በቀዳዳ አሳልፎ በማጠፍ ነው። ያ እጥፋት ደጋግሞ ተከፍቶ ከሆነ ይሰነጠቃል፣ በዓይን ይታያል።

ቀጥሎ ማስመሪያ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ምክንያቱም በጣም የምወደው ክፍል ነው። የአብዛኞቻችን ሀዲድ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመር ስፋት 1 ሜትር ነበር። የጀርመኑ የሞዴል ባቡር ምርት ኤልጂቢ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲጀምር 1 ለ22.5 የሚለውን ልኬት፣ ማለትም እውነተኛውን 22.5 ጊዜ ማሳነስን፣ የመረጠው 45 ሚሊ ሜትሩ በዚያ ልኬት አንድ ሜትር ስለሚሆን ነው፤ አባዙት፣ 1012 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ማለትም በዚህ ሀዲድ ላይ የምታቆሙት የኤልጂቢ ፉርጎ የለገሀሩ የድሮ ባቡር በነበረበት መጠን የተቀነሰ ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ግን 1435 ሚሊ ሜትር ነው፣ እሱን በ45 ላይ ለማስቀመጥ 1 ለ32 ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ፉርጎ አንድ ሀዲድ ላይ ቢቆሙም የአንድ ዓለም ላይሆኑ ይችላሉ። በሩን ለኩት። ሁለት ሜትር ገደማ የሚሆን በር በመጀመሪያው ልኬት 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ በሁለተኛው ከ6 ትንሽ ያለፈ።

የአሜሪካኑ የሞዴል ባቡር ሠሪ ሊዮኔል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ «ስታንዳርድ» ብሎ የሠራው ሀዲድ 54 ሚሊ ሜትር ነው፣ እኛ ሀዲድ ላይ አይገባም። ዘንድሮ አንድ አባላችን አልገባ ሲለው ጎማውን ሊያስቆርጥ ነበር፣ ተሯሩጠን አስቆምነው። ከዚያ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣው «ብሉ ኮሜት» የሚባለው ባቡር ሦስት ሰማያዊ ፉርጎዎች ነበሩት፤ ፌይ፣ ዌስትፋልና ቴምፕል፣ ሁሉም በጅራታም ኮከብ ስም የተጠሩ። አንዷን ብቻዋን ብታገኙ እህቶቿን በስም መፈለግ ትችላላችሁ። በነገራችን ላይ ነጠላ ፉርጎን ጎዶሎ ነው ብላችሁ አትለፉት። የጀርመኑ የሞዴል ባቡር ሠሪ ማርክሊን እ.ኤ.አ. በ1891 ላይፕዚግ ላይ ሀዲዱን በተወሰነ ስፋት ይዞ ከቀረበ ጀምሮ ሰው አንድ አንድ እየገዛ ነው ባቡሩን ያስረዘመው።

ስለ ጅማ እርጥበት ለእናንተ አይነገርም፣ ቡና የምታከማቹ ናችሁ። ፉርጎን በላስቲክ አትጠቅልሉ፣ ያልበዋል። ስስ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል፤ ከግድግዳ አርቁት፣ ከጫማ ካርቶን የምትጥሏትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ነጭ ከረጢትም አብራችሁ አስቀምጡ። የድሮ ዚንክ ጎማዎች ውስጥ ትንሽ እርሳስ ከተቀላቀለ ብረቱ ከውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል፤ እርጥበት ደግሞ ያባብሰዋል። መድኃኒት የለውም። ጎማው ከተፈረፈረ ፍርፋሪውን ሳይቀር ስም ጽፋችሁ በፖስታ አስቀምጡልኝ፣ ከዚያ ሌላ ጎማ ይገጠምለታል፣ የተቀየረ መሆኑም በመዝገባችን ላይ ይጻፋል።

እንግዲህ ጠረጴዛው ላይ አምስት ፉርጎዎች አሉ፣ ከእነሱ ሁለቱን ማናችንም ለይተን አናውቃቸውም። ባለቤቶቹ ፈቅደዋል። ካቻቪት ማንም አያንሳ፣ ማስመሪያና የእጅ ባትሪ ብቻ። አረንጓዴውን ፉርጎ ልጆቹ ይጀምሩልን፣ ዓይናቸው ከእኛ ይሻላል። ኑ፣ እንገልብጠው።