«ለጊዜው ነው» እና የእማዬ አቮካዶ

ሄኖክ፦ ሰላም ሰላም! እንኳን በደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ከበድ ይላል። በተስፋ መኖር፣ የዕለት ተዕለት ደቀ መዝሙርነት። ሳሮን ግን ስፕሪስ ይዛ ነው የገባችው።

ሳሮን፦ ምሳ አልበላሁም! ደግሞ አቮካዶና ማንጎ ብቻ ነው።

ሄኖክ፦ አቮካዶ አትበይኝ። የአቮካዶ ታሪክ አለኝ።

ሳሮን፦ ጀመረ። ገና ሰላምታ ላይ ነን እኮ።

ሄኖክ፦ አጭር ናት። ልጅ ሆኜ ሀዋሳ ኪራይ ቤት ነበርን። ግቢው ሰፊ ነው፣ ግን ባዶ። እማዬ አንድ ቀን የበላነውን አቮካዶ ዘሩን አጥባ በጣሳ አበቀለችው። ጠንከር ሲል ከቧንቧው አጠገብ ተከለችው። አከራያችን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ በረንዳው ላይ ቆመው ያያሉ። «አንቺ፣ በሰው ግቢ ዛፍ ይተከላል? ነገ ብትወጪስ?» አሏት።

ሳሮን፦ እናትህስ ምን አሉ?

ሄኖክ፦ «ነገ እስክወጣ ዛሬ አለሁ አይደል?» በቃ። ከዚያ በኋላ እኔና እህቴ ማታ ማታ ውሃ አመላላሽ ሆንን። የአትክልት እጣቢ፣ የሩዝ እጣቢ፣ ምኑ ቅጡ። ሳሙና የነካው እንዳይሆን ብቻ።

ሳሮን፦ በመጨረሻ ጣፈጠ?

ሄኖክ፦ አልበላነውም።

ሳሮን፦ እንዴ!

ሄኖክ፦ ከዘር የበቀለ አቮካዶ እኮ ዓመታት ነው የሚፈጀው። ሳያፈራ ቤቱን ለቀቅን።

ሳሮን፦ (እየሳቀች) እና ታሪኩ ምኑ ላይ ነው?

ሄኖክ፦ ታሪኩ እሱ ነው! ኤርምያስ 29ን ባነበብኩ ቁጥር እማዬ ናት ትዝ የምትለኝ።

ሳሮን፦ ቁጥር 11። «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ።» ስመረቅ ሦስት ሰው እሷን በፍሬም ሰጥቶኛል። ሦስት!

ሄኖክ፦ አየሽ? 11ን ሁላችንም ሰቅለናል። 10ን በፍሬም ያሠራ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። 10 ላይ ያለው መመለሱ ከሰባ ዓመት በኋላ እንደሆነ ነው። ኤርምያስ የጻፈው ደብዳቤ ነው እኮ። በ597 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከንጉሡ ከኢኮንያን ጋር ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ከኢየሩሳሌም የተላከ። አሁን አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመለሺ፣ 28። ሐናንያ የሚባል ነቢይ ይነሣና «በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል» ይላል። የእኛ ጉባኤ ቢሆን ምን ይላል?

ሳሮን፦ አሜን! ወንበር ላይ ይወጣል።

ሄኖክ፦ ኤርምያስ ራሱ እኮ «አሜን» ብሏል! 28፥6ን እዪው። እግዚአብሔር እንደዚህ ያድርግ አለ። ኤርምያስ ክፉ ሰው ስላልነበር እሱም መመለሱን ይፈልጋል። ሐናንያ ግን ኤርምያስ ለምልክት የተሸከመውን ቀንበር ከአንገቱ ላይ አውልቆ ሕዝብ ፊት ሰበረው። በዚያው ዓመት ሐናንያ ሞተ። ምርኮውም ቀጠለ። ከዚያ ምዕራፍ ቀጥሎ የምናነበው ነው ይሄ ደብዳቤ። ቤት ሥሩ፣ አታክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለከተማይቱ ሰላም ጸልዩ። ለባቢሎን!

ሳሮን፦ እሱ ነው የሚከብደኝ። ለማረከህ ከተማ መጸለይ።

ሄኖክ፦ ሰዎቹ ደግሞ ተክለዋል። እዚያው ባቢሎን ውስጥ አል ያሁዱ የሚባል መንደር ነበር፣ «የይሁዳ ከተማ» እንደማለት። ስለ እሱ የሚናገሩ የሸክላ ጽሑፎች አሉ፣ የመጀመሪያው በ572 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የተጻፈ። ምን ይዘዋል መሰለሽ? ገብስ፣ ተምር፣ ብድር፣ ግብር። የአይሁድ ስም ያላቸው ሰዎች እርሻ ያርሳሉ፣ ይዋዋላሉ። ደስ አይልም? የብድር ደረሰኝ እኮ ነው! እኔ ግን እንደ ምስክርነት ነው የማነበው።

ሳሮን፦ ቆይ፣ ቆይ። አንድ ነገር ላንሣ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ላለ ሰው «ሰባ ዓመት» ትለዋለህ? ወይ ቪዛ ለሚጠብቅ ልጅ? አንዳንዱ ሰው እኮ ዛሬ ነው የጨነቀው።

ሄኖክ፦ አልለውም።

ሳሮን፦ አሁን ግን እያልከው ነው።

ሄኖክ፦ ለእሱ ዛሬ እንዲድን እጸልያለሁ። እኔ የምለው ቀጠሮ ቆርጠን አንስጠው ነው። በዚህ ወር፣ በዚህ ዓመት እያልን።

ሳሮን፦ እኔ ግን በዚህ ወር ተብሎ የተደረገለት ሰው አውቃለሁ።

ሄኖክ፦ እሺ፣ እሱን አልከራከርሽም። ግን እማዬ...

ሳሮን፦ ወደ አቮካዶው ልትመለስ ነው!

ሄኖክ፦ እማዬ ቤት እንደምታገኝ ተስፋ ታደርግ ነበር። በየማታው ትጸልያለች። ያው እሷው ናት በሰው ግቢ የምትተክለው። ሁለቱ ለእሷ አይጋጩም።

ሳሮን፦ ግን ጥቅሱ «ፍሬዋን ብሉ» ነው የሚለው። እናንተ አልበላችሁም። ስለዚህ ጥቅሱ አልሠራላችሁም።

ሄኖክ፦ (እየሳቀ) ይሄን ለእማዬ ንገሪያት።

ሳሮን፦ አልደፍርም። የምሬን ግን እንደ እሳቸው አይደለሁም። አሁን ያለሁበት ቤት አራት ዓመቴ ነው። መጋረጃ የለኝም። አንሶላ ነው የሰቀልኩት። ለምን ስባል «ለጊዜው ነው» እላለሁ።

ሄኖክ፦ አራት ዓመት ለጊዜው!

ሳሮን፦ አትሳቅ። መጋረጃው ይሁን። እድርም አልገባሁም። ለጊዜው ነው ብዬ። ባለፈው ወር ከግድግዳዬ ባሻገር ያሉ እናት አረፉ። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ» እንባባላለን። ስማቸውን ያወቅኩት ድንኳኑ ውስጥ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ቤት ለቤት ጥናት እየመራሁ።

ሄኖክ፦ ...

ሳሮን፦ ዝም አልክ። ዛሬ የመጀመሪያህ ነው።

ሄኖክ፦ አይ፣ ያማል። ርዕሳችን ምን ነበር? የዕለት ተዕለት ደቀ መዝሙርነት። ይኸው። ተስፋ ያለው ሰው ሰኞ ምን ያደርጋል ብትዪኝ፣ እድር ይገባል እልሻለሁ።

ሳሮን፦ እሱን አስቤዋለሁ። ችግሩ የእድሩ ስብሰባ እሁድ ጠዋት ነው። እኔ ደግሞ መዘምራን ነኝ።

ሄኖክ፦ አንድ እሁድ ቅሪያ።

ሳሮን፦ እንዲህ ማለት አትችልም! መሪያችን ይሰማሃል።

ሄኖክ፦ ይስማ። በወር አንዴ ነው።

ሳሮን፦ ለሊቀመንበሩ ቀኑን ቀይሩልኝ እላለሁ እንጂ አልቀርም።

ሄኖክ፦ አዲስ አባል ሆነሽ ቀን ልታስቀይሪ?

ሳሮን፦ እሺ፣ እናየዋለን። ቆይ ግን፣ ዛፉ ምን ሆነ? ተመልሰህ አላየኸውም?

ሄኖክ፦ አንዴ ሀዋሳ ሄጄ በዚያ በኩል አልፌያለሁ። አጥሩ ተለውጧል፣ ረጅም ግንብ ሆኗል። ምንም አይታይም።

ሳሮን፦ አንኳኩተህ አትጠይቅም ነበር?

ሄኖክ፦ ምን ልበል? «የአቮካዶው ልጅ ነኝ»?

ሳሮን፦ እኔ ብሆን እላለሁ። እንካ፣ የቀረችውን ጠጣት። ቢያንስ ዛሬ ትቀመስ።