ቡክ ኦኒል የሰማው ድምፅ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሠልጣኞች፣ እናንተም ጓንታችሁን ታቅፋችሁ የተቀመጣችሁ ልጆች፤ እንደምን አመሻችሁ!

እዚህ ዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ ያለውን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሆስፒታሉ ከመሠራቱ በፊት ቦታው ግሪፊዝ የሚባል የቤዝቦል ስታዲየም ነበር። አንድ ቀን እዚያ ልብሱን በመቀየር ላይ የነበረ ተጫዋች ከሜዳው ዱላ ኳስ ሲመታ የሚሰጠውን፣ ከሌላው የተለየ ድምፅ ይሰማል። በወጉ እንኳ ሳይለብስ ሮጦ ወጣ። ሲመታ የነበረው የጥቁሮች ሊግ ኃይለኛ መቺ ጆሽ ጊብሰን ነው፤ ሮጦ የወጣው ደግሞ ቡክ ኦኒል።

ኦኒል ያን ድምፅ ቀድሞ ያውቀዋል። ልጅ ሳለ በፍሎሪዳዋ ሳራሶታ ውስጥ ታዋቂው መቺ ቤብ ሩት ሲለማመድ ሰምቶታል። ለሦስተኛ ጊዜ የሰማው በሽምግልናው ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚመታው ቦ ጃክሰን ነበር። በዚያ ረጅም ዕድሜ ሦስት ጊዜ ብቻ!

እ.ኤ.አ. በ1911 ፍሎሪዳ ተወለደ (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በልጅነቱ ሴለሪ በሚባል አትክልት እርሻ ላይ ሠርቷል። የሳራሶታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር፤ የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ፣ ሜጀር ሊግም እንዲሁ። ስለዚህ በጥቁሮች ሊግ (ኔግሮ ሊግ) ተጫወተ። በ1938 የካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ቡድን አንደኛ ቤዝ፣ ማለትም ሯጩ መጀመሪያ የሚረግጠውን ቦታ፣ የሚጠብቅ ተጫዋች ሆነ፤ ባሕር ኃይል አገልግሎ በተመለሰ ጊዜ፣ በ1946፣ ከሊጉ መቺዎች አንደኛ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን የሜጀር ሊግን በር ሲከፍት ግን ኦኒል 35 ዓመት ሞልቶት ነበር። ለእርሱ በሩ የተከፈተው ዘግይቶ ነው።

ከ1948 ጀምሮ ሞናርክስን በዋና አሠልጣኝነት መራ። ኧርኒ ባንክስ በእጁ ካለፉት አንዱ ነው። በኋላም ለሜጀር ሊጉ ቡድን ለቺካጎ ካብስ ተጫዋቾችን የሚመለምል ሆኖ ሉ ብሮክን ከሉዊዚያና አመጣላቸው። ባንክስ ኳሱን ከአጥር ውጭ እየላከ 512 ሆም ረን መታ፤ ብሮክ ኳሱ ሳይመታ ወደሚቀጥለው ቤዝ እየሮጠ 938 ቤዝ ሰረቀ።

በ1962 ካብስ አሠልጣኝ አደረጉት፤ በሜጀር ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ። እንግዲህ ወላጆች እንደምታዩት፣ በጨዋታ ጊዜ ሁለት አሠልጣኞች አንደኛውና ሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ቆመው ሯጩን «ሂድ!»፣ «ቁም!» ይሉታል። ኦኒል እዚያ እንዲቆም አልተፈቀደለትም። አንድ ቀን ዳኛው አሠልጣኞችን ከሜዳ አባርሮ ቦታው ባዶ ሆነ። ኦኒል እዚያው መቀመጫው ላይ አለ። የተጠራው ግን ሜዳው ጥግ ወርዋሪዎችን ሲያሟሙቅ የነበረው ሌላ አሠልጣኝ ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኼ አይደል? እኔ ይህን ሳነብ ከኦኒል ይልቅ የተናደድሁት እኔ ነኝ።

በካንሳስ ሲቲ የኔግሮ ሊግ ቤዝቦል ሙዚየም እንዲቆም ከደከሙት ዋነኛው እርሱ ነው። በ2006 አንድ ኮሚቴ ከጥቁሮች ሊግ ዘመን 17 ሰዎችን ለቤዝቦል የክብር አዳራሽ መረጠ፤ ኦኒል ግን ሳይመረጥ ቀረ። አሥራ ሰባቱም በሕይወት አልነበሩም። በበዓሉ ቀን ስለ እነርሱ የሚናገር ሰው ሲያስፈልግ የ94 ዓመቱ አዛውንት ኦኒል አዳራሹ እስካለበት ኩፐርስታውን ድረስ ሄዶ ተናገረላቸው፤ ሕዝቡንም እጅ ለእጅ አያይዞ አዘመረ። በዚያው ወር በአንድ የኮከቦች ጨዋታ ላይ ዱላ ይዞ ለመምታት ቆሞም ነበር። በኦክቶበር አረፈ። ክብር አዳራሹ የገባው በ2022 ነው።

ልጆች፣ ቅዳሜ ለልምምድ ስትመጡ፣ ተራችሁን ስትጠብቁ ስልካችሁን ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱና ጓደኛችሁ ሲመታ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡ። ያን ድምፅ እኔ እስካሁን አልሰማሁትም። አጥሩ ሥር ቆሜ እየጠበቅሁ ነው።