ክኒኑን እየቀነሳችሁ ላላችሁ

እንደምን አመሻችሁ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ በቅዳሜ ማታ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የቅዳሜ ማታ ዋጋ ይገባኛል፤ ኡበር ትታችሁ የመጣችሁ አላችሁ፣ ከዚህ ወጥታችሁ ለአዳር ሥራ ሆስፒታል የምትገቡም አላችሁ።

የማወራው ስለ አንድ ዓይነት ክኒን ነው። ለጭንቀት ወይም ለእንቅልፍ የሚታዘዙት፣ አቲቫን፣ ዛናክስ፣ ክሎኖፒን፣ ቫሊየም የሚባሉት። ቫሊየም አገር ቤት ዳያዜፓም ብለን የምናውቀው ነው። እነዚህን ለወራት ወይም ለዓመታት ወስዶ አሁን እየቀነሰ ላለ፣ ወይም አቁሞም ሰውነቱ አልረጋ ላለው ሰው ነው ይህን ንግግር የጻፍኩት። ሐኪም አይደለሁም። በዚህ መንገድ ያለፍኩ ሰው ነኝ።

አንድ ነገር ላስቀድም፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይህን አትርሱ። ማንም ሰው ዛሬ ማታ ቤቱ ገብቶ ክኒኑን ሽንት ቤት እንዳይደፋ! ለረጅም ጊዜ የተወሰደን ክኒን በአንድ ቀን ማቆም ጥሎ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ሊያመጣ ይችላል፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2020 በእነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል። ደግሞም መድኃኒቱ በእውነት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ፤ የእኔን ንግግር ሰምቶ የሚተው ሰው እንዲኖር አልፈልግም። መቀነስ የሚጀመረው ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ነው፣ በዝግታ ነው።

ምን ያህል ዝግታ? የአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር ከሌሎች የሐኪሞች ማኅበራት ጋር በ2025 ያወጣው መመሪያ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስን እንደ መነሻ ያስቀምጣል፣ በ2 ሳምንት ከ25 በመቶ በላይ መቀነስ የለበትም ይላል። ሲከብድ ቆም ማለትም ይቻላል። ይህን የምነግራችሁ ሐኪማችሁ «በሁለት ሳምንት ጨርስ» ካላችሁ፣ በትህትና «መመሪያው እንዲህ ይላልና አብረን ብናየው» ለማለት እንድትችሉ ነው። እኛ ሐኪም ፊት አንገት መድፋት ይቀናናል። እዚህ ግን መጠየቅ ነውር አይደለም።

እኔን የሚያክመኝ ሐኪም ሥራ ሲቀይር አዲሱ ክሊኒክ «ይህን መድኃኒት እኛ አንጽፍም» ብሎ ማዘዣዬን አቋረጠው። ማንም አልነገረኝም ምን እንደሚመጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ማውራት አልፈልግም፣ እዚህ ውስጥ አሁን በዚያ ያለ ሰው ይኖራልና ፍርሃት አልጨምርበትም። ሌላ ሐኪም አግኝቼ መልሳ አስጀመረችኝ፣ ከዚያ በጣም በዝግታ፣ ቅንጣት በቅንጣት ቀነስን። ዛሬ አልወስድም። ለዚህ ነው እዚህ የቆምኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለምን እንዲህ ይሆናል?

አእምሯችን ራሱን የሚያረጋጋበት ጋባ የሚባል ኬሚካል አለው። ክኒኖቹ የዚህን ኬሚካል ሥራ ያጎሉታል። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፤ እንቅልፍ ይመጣል፣ ደረት ይቀልላል። ጊዜው ሲረዝም ግን አእምሮ ከውጭ እርዳታ እየመጣለት መሆኑን ያውቅና የራሱን ማረጋጊያ ይቀንሳል። መኪና የምትነዱ ሰዎች ይገባችኋል፤ ለዓመታት ሌላ ሰው ፍሬን ሲረግጥላችሁ ቆይቶ አንድ ቀን እግሩን ቢያነሳ፣ የእናንተ እግር እስኪለምድ ድረስ መኪናው ይፈተለካል። ልብ የሚደልቀው፣ እጅ የሚንቀጠቀጠው፣ ጆሮ የሚጮኸው፣ ቆዳ የሚወርረው፣ መብራት ዓይን የሚወጋው ለዚህ ነው። አንዳንዱ የራሱ ሳሎን የሰው ቤት መስሎ ይታየዋል። ይህን ለማንም አይናገርም፣ አበደ እንዳይሉት ይፈራል። ወንድሜ፣ አላበድክም። ይህ ምልክት የታወቀ ነው፣ ከአንተ በፊት ብዙ ሰው ለሐኪሙ ተናግሮታል።

ብዙ ሰው ስል ዝም ብዬ አይደለም። ከእነዚህ መድኃኒቶች የመጀመሪያው ለገበያ የወጣው በ1960 ነው፣ ቫሊየም በ1963 ተከተለ፣ ከዚያም ለዓመታት አሜሪካ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚታዘዝ መድኃኒት ሆነ። እንግሊዝ አገር፣ ኒውካስል ከተማ፣ ሄዘር አሽተን የተባሉ ፕሮፌሰር ነበሩ። ከ1982 እስከ 1994 ከእነዚህ ክኒኖች ለሚላቀቁ ሰዎች ብቻ ክሊኒክ ከፍተው ሠሩ። እሳቸውን የምወዳቸው ታማሚዎቻቸውን ቁጭ ብለው ስለሰሙ ነው። ሰዎቹ «ይህ ይሰማኛል» ሲሉ «የድሮው ጭንቀትህ ተመልሶ ነው» ብለው አልሸኟቸውም። ያዩት ነገር ደግሞ ለእኛ ትልቅ ነው፤ ሰው በራሱ ፍጥነት ሲቀንስ ይላቀቃል፣ ለዓመታት የወሰደም ቢሆን፣ አዛውንትም ቢሆን።

ግን መዳኑ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ነው። ሦስት ጥሩ ቀን ታገኛለህ፣ ተገላገልኩ ትላለህ፣ ለእናትህ ትደውላለህ። አራተኛው ቀን ጠዋት ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይመጣል። ያኔ ነው ሰው የሚሰበረው። ሕመሙን ስለማያውቀው አይደለም፣ አልቋል ብሎ ስላመነ ነው። ይህ መመላለስ የተለመደ ነው። አንዳንዱን በሳምንታት ይለቀዋል፣ አንዳንዱ ወራት ይፈጅበታል፣ ከዓመት በላይ የሚቆይበትም አለ። ውሸት አልነግራችሁም። ግን በመጥፎው ቀን ስለ ቀሪው ሕይወታችሁ አትፍረዱ። ስለ ትዳራችሁም፣ ስለ ሥራችሁም በዚያ ቀን አትወስኑ። ይቆይ።

እኔን የረዳኝ ደብተር ነው። በየቀኑ አንድ መስመር ብቻ፤ እንዴት አደርኩ፣ ምን ሠራሁ። በወቅቱ ምንም ለውጥ አይታየኝም ነበር። ወደ ኋላ ገልጬ ሳነብ ግን ያኔ ግሮሰሪ ወረፋ ላይ መቆም ያቃተኝ ሰው፣ አሁን ሳላስበው ገዝቼ እንደምመለስ አየሁ። በዓል ሲመጣ የከበሮ ድምፅ ስለማልችል ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ መኪና ውስጥ እቀመጥ ነበር። አንድ በዓል ላይ ውስጥ ሆኜ አስቀደስኩ፣ የገረመኝ እቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ለውጡ እንዲህ ነው የሚመጣው፣ ካልጻፋችሁት ያመልጣችኋል።

ሌሊቱን በተመለከተ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትነቁ ስልክ አታንሱ። በዚያ ሰዓት ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት የከፋባቸውን ሰዎች ታሪክ ነው፤ የዳነ ሰው ተኝቷል። ሰዓቱንም ወደ ግድግዳ አዙሩት። ልብ እየደለቀም ቢሆን ተነስቶ ሰሃን ማጠብ ይቻላል፣ መዝሙር መክፈት ይቻላል፣ ቁርዓን መስማት ይቻላል። መረጋጋት የምለው ይህንን ነው። ሕመሙ እስኪሄድ ጠብቆ መኖር ከጀመርን ቀኑ ሁሉ የሕመሙ ይሆናል።

ቡና ላይ ልምጣ፣ እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ። የደነገጠ ነርቭ ቡናን አይችልም፤ ቢያንስ ከሰዓት በኋላ ተዉት፣ ስኒ ቀንሱ። ሥነ ሥርዓቱን ግን አትተዉ፣ ከሰው ጋር መቀመጡ ራሱ መድኃኒት ነው። አልኮል ደግሞ እዚያው ክኒኑ የሚሠራበት ቦታ ላይ ነው የሚሠራው፤ ከክኒኑ ጋር አደገኛ ነው፣ ክኒኑን ከተዉ በኋላም ነርቩን መልሶ ያናውጣል። ረጅም ጾም ለምትጾሙ፣ ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከኢማማችሁ ጋር ተመካከሩ፣ ታማሚ መሆናችሁን ንገሯቸው። ጸበልም ቢሆን ክኒን አስጥሎ አይደለም። አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የኤችአይቪ ታማሚዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ያ ምክር ለእኛም ይሠራል።

ቤተሰቦች፣ እናንተን ልለምን። «ጠንከር በል» አትበሉት። ጠንካራ ነው፣ ስለማይታያችሁ ነው። በየማለዳው «ተሻለህ?» ብላችሁም አትጠይቁ፣ ያልተሻለው ሰው መልስ ሲያጣ ይዋሻችኋል። «ና ትንሽ እንራመድ» በሉት። ሽሮ ሠርታችሁ በር ላይ አድርሱ። ሐኪም ጋ አብራችሁ ግቡ፣ በተለይ እንግሊዝኛው የሚከብዳቸውን እናቶች።

በዚህ ጊዜ መሞትን መመኘት የሚመጣበት ሰው አለ። ይህን ለብቻ መያዝ አይገባም። ለሐኪማችሁ በዚያው ቀን ንገሩ፣ ሌሊት ከሆነ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰው ወደሚረዳው የስልክ መስመር 988 ደውሉ፣ አስተርጓሚ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ 911። አጠገባችሁ ያለ ሰው እንዲህ ካለ ደግሞ አትቆጡት፣ አብራችሁት እደሩ።

አሁን ወደ ጥያቄ እንሂድ። በሰው ፊት መጠየቅ የከበደው ወረቀት በየወንበሩ ላይ አለ፣ ስም አይጻፍበት፣ እኔ አነበዋለሁ። የክኒን ብልቃጡን ይዞ የመጣ ሰው ካለ፣ ፋርማሲስት እህታችን ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ስንት ሚሊግራም እንደሆነና ለሐኪማችሁ ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ቁጭ ብለው ይጽፉላችኋል።