ያቺ የሦስት ዶላር ሣጥን

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እንደምን አመሻችሁ። ሊቀመንበራችን ስለ ሪፈንድ፣ ከታክስ ስለሚመለስልን ገንዘብ፣ እንድናገር 15 ደቂቃ ሰጥተውኛል። እሺ፣ እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ጉድ ላውራችሁ።

እዚሁ ቨርጂኒያ ታክሲ ስነዳ ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ነበር። ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ለፕሬዚዳንት ምርጫ ሦስት ዶላር ትሰጣለህ?» አለኝ። «እሱ ለእኔ ይስጠኝ እንጂ!» አልኩት። ተሳሳቅን። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። እሷን ግን የጠየቃት የለም። ፎርሙ ላይ ምልክት የሚደረግባትን የእሷንም ሣጥን ባዶውን አለፈው። ይቺው ቀልድ 11 ዓመት ተደገመች።

በኋላ እኔው ታክስ መሥራት ስማር 1040 የሚባለውን የታክስ ፎርም አፍጥጬ አየሁት። ሣጥኗ ከላይ፣ አድራሻችን ጎን ናት። አንድ ለባል፣ አንድ ለሚስት። አጠገቧ በደቃቅ ፊደል ምን ይላል መሰላችሁ? ምልክት ብታደርጉ ታክሳችሁም ሪፈንዳችሁም አይለወጥም! መንግሥት ከሰበሰበው ላይ ሦስት ዶላር ለፕሬዚዳንት እጩዎች የዘመቻ ገንዘብ ወደሚሰጠው የምርጫ ፈንድ ያዞራል፣ በቃ። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? ለአንድ እጩ ራት 500 ዶላር ከፍለን፣ አብረን ፎቶ ተነስተን፣ ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን። በማግስቱ ስልካችንን አያነሳም! ከባለ ሚሊዮኖች ጋር በራት ልንፎካከር ነው? ፈንዱ የተቋቋመው እኮ እጩ የሀብታም ደጅ እንዳይጠና ነው። በኪሳችን ስንመጣ ቸር፣ በነጻው ስንመጣ ቆንቋና!

«አሁን ማን ይወስደዋል?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። በ2008 የሪፐብሊካኑ እጩ ማኬይን ከፈንዱ 84 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱ። ሌሊቱን የጨፈርንላቸው ኦባማ ግን አልፈልግም ብለው ከዚያ ብዙ እጥፍ በራሳቸው ሰበሰቡ። ከ2012 ወዲህ ለዋናው ምርጫ የሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች እጩዎች አልነኩትም። ድሮ በ1980 አካባቢ ከአራት ሰው አንዱ ምልክት ያደርግ ነበር። ዛሬ ከመቶ አምስት አይሞላም። ሕጉን ማደስ የኮንግረስ ሥራ ነው። ሣጥኗ ግን የእኛ ናት።

ሰዓቴ አለቀ መሰለኝ። ሪፈንዱን በተመለከተ፣ ደብሊው ቱአችሁን፣ አሠሪያችሁ የሚሰጣችሁን የዓመቱን የደመወዝ ወረቀት፣ ይዛችሁ ከቡናው በኋላ ወደ እኔ ጠረጴዛ ኑ። ባልና ሚስት አብራችሁ ኑ። እኔ ሁለታችሁንም ነው የምጠይቀው።