በ9,000 ዎን ሴኡል ውስጥ ጠግቦ መብላት

[ምስል፦ በጠባብ መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ምግብ ቤት፤ በሯ ላይ ሰልፍ]

ሴኡል ውስጥ ልክ 6 ሰዓት ሲሆን የቢሮው ሰው ሁሉ ለምሳ ይወጣል። ርካሽ ምሳ ከፈለጋችሁ ያሸበረቀውን ምግብ ቤት እለፉትና ሠራተኛው የተሰለፈበትን ፈልጉ። እንዲህ ያለ ቤት አንድ ምሳ ከ8,000 እስከ 10,000 ዎን ገደማ ነው። ዋጋው ከዓመት ዓመት ሽቅብ እያለ ነው፤ ቢሆንም በዚህ ገንዘብ የሚቀርበውን ምግብ እዩት።

[ምስል፦ ጠረጴዛው በትንንሽ ሳህኖች ሲሞላ]

ያዘዝነው ድዌንጃንግ ጅጌ ነው፤ ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራ ወጥ፣ ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) እና ዝኩኒ ያለበት። ልክ እንደ ተጋቢኖ ሽሮ በሸክላው ውስጥ እየተንተከተከ ይቀርባል። ሩዙ ለብቻው፣ ክዳን ባለው የብረት ሳህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሩዝ እንዳይባክን ብሎ የዚህን ሳህን መጠን የወሰነው መንግሥት ነው። እስከ ዛሬም በየምግብ ቤቱ አለ።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ዙሪያውን የሚደረደረውን ማባያ ነው። ባንቻን ይሉታል። ኪምቺ፣ ማለትም በበርበሬ የተብላላ ጎመን፣ አለ፣ በሰሊጥ ዘይት የታሸ የአኩሪ አተር በቆልት አለ፣ ስፒናች አለ፣ አንዳንድ ቀን የተጠቀለለ እንቁላልም ይጨመራል። ሳይታዘዝ ይመጣል፣ ሒሳብ ውስጥም አይገባም። ሲያልቅ «ደ ጁሴዮ»፣ ጨምሩልኝ፣ ማለት ይበቃል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ራሳችሁ እንድትቀዱ ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል።

ታዲያ ቤቱ እንዴት አይከስርም? ማባያው አብዛኛው አትክልት ነው፤ አስቀድሞ በብዛት ይሠራል፣ ኪምቺን የመሰለው ደግሞ ቢሰነብት አይበላሽም። የምግብ ዝርዝሩ አጭር ነው። ደንበኛውም በልቶ ቶሎ ይነሳል፣ ወንበሩ ለሌላው ይደርሳል። ስለዚህ እባካችሁ የማትጨርሱትን አታስጨምሩ፤ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ያቆየው ይኸው ቁጠባ ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ «ጎጊ ፔ ጁሴዮ» — ሥጋ አታስገቡበት]

አሁን ለእኛ ሰው ዋናው ጉዳይ፦ የአሳማ ሥጋ። ታዋቂው የኪምቺ ወጥ፣ ኪምቺ ጅጌ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ አለበት፤ ያላዘዝነውም ለዚህ ነው። የድዌንጃንጉም ቢሆን ቤቱ ሥጋ ይጨምርበት እንደሆነ ጠይቁ። ጾመኞች ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፦ ኪምቺ ሲብላላ የዓሣ መረቅ ወይም በጨው የተቀመጠ ሽሪምፕ ይገባበታል፤ የወጡም ውኃ ብዙ ጊዜ የደረቀ ዓሣ የተቀቀለበት ነው። ለጾም የሚቀለው ቢቢምባፕ ነው፤ ሩዝ በአትክልትና በበርበሬ ድልህ። ሥጋውንም እንቁላሉንም አስቀሩ፤ እንቁላል «ኬራን» ነው።

ብቻችሁን ከሆናችሁ ሰልፉ ሲበርድ፣ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሂዱ። ብዙ አትዘግዩ፤ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ለእረፍት የሚዘጋ ቤት ብዙ ነው። ሒሳብ የሚከፈለው ሲወጡ በር አጠገብ ካለው ካሸር ነው። ቲፕ አይጠበቅባችሁም፤ ግብሩም ዝርዝሩ ላይ ካለው ዋጋ ውስጥ ገብቷል።